ለልጄ፦ ስለ ሰፈፍና ስለ ሻማ

ይድረስ ለልጄ፤

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እዚህ ሐዋሳ ደህና ነን። ለገና ለጓደኞችሽ በእጅሽ የሠራሽውን ሻማ መስጠት እንደምትፈልጊ ስትነግሪኝ ደስ አለኝ፤ ነገሩ ግን በስልክ የሚያልቅ ስላልሆነ ይኸው ጻፍኩልሽ።

ሰሙን ከሱቅ አትግዢ። በጥቅምትና በኅዳር አዲስ ማር ስለሚቆረጥ በዚህ ሰሞን እዚያ አዳማ ያሉ ጠጅ ቤቶች ሰፈፍ፣ ማለትም ጠጅ ሲጣል የሚቀረውን ሰም ያለበት አተላ፣ አያጡም። መጀመሪያ ሽታው ያስጠላሻል፤ ውሃው እስኪጠራ ድረስ በቀዝቃዛ ውሃ ስታጥቢው ይለቃል። ከዚያ ጆንያ ውስጥ ቋጥረሽ፣ ድንጋይ ጭነሽበት፣ ውሃ በሞላ ድስት ውስጥ በለስላሳ እሳት አሙቂው። ሰም ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፤ ጆንያውን በእንጨት ጫን ጫን ስታደርጊው ሰሙ አልፎ ውሃው ላይ ይንሳፈፋል። እንዲንተከተክ ግን አትፍቀጂለት፤ ሰሙና ውሃው ተደባልቀው የማይለያይ ድፍርስ ይሆንብሻል። ድስቱም አሉሚኒየም ወይም ስቴንለስ ይሁን። ብረት ሰሙን ያጠቁረዋል፣ መዳብ አረንጓዴ ያደርገዋል። ከድነሽ፣ በፎጣ ጠቅልለሽ አሳድሪው። ጠዋት ድፎ ዳቦ መስሎ ረግቶ ታገኚዋለሽ፤ ከሥሩ የተጣበቀውን ጥቁር ዝቃጭ በቢላ ፋቂና እንደገና አቅልጠሽ በአቡጀዲ አጥሪው። የሚወጣው ሰም ካሰብሽው ቢያንስ አይግረምሽ፣ የሰፈፍ ነገር እንዲሁ ነው።

ከዚህ በኋላ ሰሙን በቀጥታ እሳት ላይ እንዳትጥጂው። የወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ አድርገሽ ጣሳውን ውሃ ባለበት ድስት ውስጥ አቁሚው። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ያህል ላይ ስላለች ውሃዋ 95 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ሰም ደግሞ ከ85 ሲያልፍ መልኩ ይጠቁራል፣ የማር ሽታውም ይጠፋል። ስለዚህ ውሃው መፍላት ሲጀምር ቡታጋዙን ቀንሺ። ጣሳው ውስጥ ጠብታ ውሃ እንኳ ከገባ ሻማው ሲበራ ይንጣጣል።

አሁን ወደ ክሩ እንምጣ። ሰው ሁሉ ስለ ሰሙ ይጨነቃል እንጂ ሻማን የሚያበላሸው ክር ነው። ንጹሕ የጥጥ ፈትል ፈልጊ። ጫፉን አቃጥለሽ እይው፦ ጥጥ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፣ አመድም ይሆናል፤ ናይለን ግን ቀልጦ ይድበለበላል፣ እሱን ጣይው። ሦስት ፈትል አንድ ላይ ጎንጉኚ። የተጎነጎነ ክር ሲነድ ጫፉ ስለሚታጠፍ ራሱን እየበላ ይሄዳል፤ እንዲሁ የተገመደው ግን ቀጥ ብሎ ይቆምና ጫፉ ላይ ጥላሸት ያጠራቅማል። ከመጀመርሽ በፊት አረፋ ማውጣቱን እስኪያቆም ሰሙ ውስጥ ንከሪውና ወጥረሽ አድርቂው።

ረጅሙን ሻማ በመንከር ትሠሪዋለሽ። ከክሩ ጫፍ ላይ የቡሎን ዳዶ እሠሪ፣ ቀጥ አድርጎ ይይዝልሻል። ሰሙ ከ70 እስከ 75 ዲግሪ ይሁን። ቴርሞሜትር ከሌለሽ የጣሳውን ዳር ተመልከቺ፤ ቀጭን ቆዳ መያዝ ከጀመረ በርዷል ማለት ነው፣ ትንሽ አሙቂው። አስገብተሽ ቶሎ አውጪው፤ ካቆየሽው የበፊቱ ንብር ተመልሶ ይቀልጣል። በየመሃሉ ሁለት ሦስት ደቂቃ አንጠልጥለሽ ጠብቂ። ከ20 እስከ 30 ጊዜ ሲነከር አውራ ጣት ያህል ይወፍራል። ከሥራ ደክሞሽ ስትገቢ የምትወጂው ክፍል ይኼ ይመስለኛል፤ ስልክሽን እንኳ ማንሳት አትችዪም፣ እጅሽ ሰም ነው። ግን የአዳማ ከሰዓት ሙቀት ሰሙን አያስይዝልሽም፤ ማታ ወይም ማለዳ ሥሪው። መስኮቱንም ዝጊ፣ ነፋስ አንዱን ጎን ቀድሞ ካቀዘቀዘው ይሰነጠቃል።

ለስጦታ የሚያምረው የሲኒው ነው። ሲኒ 60 ግራም ያህል ሰም ስለሚይዝ ከ1 ኪሎ 15 ያህል ይወጣልሻል። ሲኒዎቹን በሙቅ ውሃ አሙቀሽ በደንብ አድርቂያቸው፣ ክሩን መሃል ላይ በስንጥር ያዢው፣ ሰሙንም ቀስ ብለሽ አፍስሺ። ሰም ሲበርድ ስለሚኮማተር ክሩ ዙሪያ ይጎደጉዳል፤ ለዚህ ትንሽ አስተርፊና በኋላ ሙዪው። በካርቶን ከድነሽ ቀስ ብሎ ይብረድ። ሁሉንም ከመሙላትሽ በፊት አንዱን አብርተሽ ሞክሪ፦ መሃሉ ብቻ እየጎደጎደ ዳሩ ካልቀለጠ ክሩ ቀጥኗል፤ ከጨሰ ወፍሯል። ከሰጠሽም በኋላ ከማብራታቸው በፊት ክሩን ግማሽ ሴንቲ አስቀርተው እንዲቆርጡት ንገሪያቸው።

ሰም እሳት ከያዘ ክዳን ግጠሚበት እንጂ በፍጹም ውሃ እንዳታፈሺበት። ትርፉንም ማጠቢያው ውስጥ አትድፊ፤ ቱቦ ውስጥ ይረጋና ቧንቧ ሠሪ ያስጠራሻል።

ከሳምንታት በኋላ ላዩ ላይ ነጭ ብናኝ ቢወጣ ሻጋታ አይደለም፣ የንጹሕ ሰም ምልክት ነው፤ በለስላሳ ጨርቅ ይጠረጋል። ለእኔ በአውቶቡስ የምትልኪውን ረጅሙን ሻማ በወረቀት ጠቅልለሽ ጠንካራ ካርቶን ውስጥ አስተኚውና በጠዋቱ መኪና ላኪው፤ የቀትር ፀሐይ ካገኘው ተጣሞ ነው የሚደርሰኝ።

እናትሽ