የክረምቱ አንባቢ ጥቅምት ላይ የት ይገኛል?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰኔ ሲገባደድ የክረምት በጎ ፈቃድ ዜና በጋዜጣችሁ መውጣት ይጀምራል። ደም ልገሳ፣ የአቅመ ደካሞች ቤት እድሳት፣ ችግኝ ተከላ፣ የማጠናከሪያ ትምህርት እየተባለ ይዘረዘርና ስንት ወጣት እንደተመዘገበ ይነገራል። ቤት በክረምት ተጀምሮ በክረምት ሊታደስ ይችላል። ለሕፃናት ማንበብ ግን እንዲያ አያልቅም። በአዲስ አበባ ለሕፃናት የንባብ ክበቦች በጎ ፈቃደኛ የምንመለምል ሰዎች ነን፤ የንባብ ምልመላ ከክረምቱ ዘመቻ ወጥቶ ወደ ጥቅምት መዞር አለበት እንላለን።

ሐምሌ ላይ ከሚመዘገቡት ብዙዎቹ ለእረፍት ከዩኒቨርሲቲ የመጡ ወይም የ12ኛ ክፍል ፈተና የጨረሱ ልጆች ናቸው። ጎበዞች ናቸው፣ ጊዜም አላቸው። ትምህርት ሲከፈት ግን አንዱ ጎንደር፣ አንዱ ጅማ፣ አንዱ ዲላ ይሄዳል። ሕፃኑ ክፍል ገብቶ ማንበብ ሲያቅተው፣ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ሊያስነብበው የሚችለው ሰው ከከተማ ወጥቷል።

ጉዳዩ ቀላል አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በስድስት የአገራችን ቋንቋዎች በተካሄደው የንባብ ምዘና፣ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሦ ያህሉ ከቀረበላቸው ታሪክ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። በአማርኛ የምናየው ችግር አንድ ዓይነት ነው፦ ልጁ ከ«ሀ» እስከ «ፐ» በዜማ ይወርደዋል፤ ከመሃል «ጡ»ን ወይም «ሬ»ን ነጥለው ሲያሳዩት ግን ከመጀመሪያው ቆጥሮ ካልደረሰበት አይለየውም። 33ቱ ፊደላት በ7 ቤት ሲባዙ 231 ናቸው፤ እነዚህን በዓይን ለመለየት ልጁ በየሳምንቱ የሚያዳምጠው ሰው ያስፈልገዋል። የሁለት ወር ዘመቻ አይበቃውም።

ጥቅምት ላይ ታዲያ ማን ይመለመላል? ከሰፈሩ የማይሄድ ሰው። ጡረታ የወጡ መምህራን፣ የማታ ተማሪዎች፣ ባለሱቆች፣ ልጆቻቸውን ያሳደጉ እናቶች፣ ሰንበት ትምህርት ቤትና መድረሳ የሚያስተምሩ ወጣቶች። እነዚህን በቴሌግራም መፈለግ ብዙም አያዋጣም፤ «አለሁ» የሚል ይበዛል፣ የሚመጣ ያንሳል። የሚሻለው እድር ነው። ወርኃዊ መዋጮ ከመሰብሰቡ በፊት ከሰብሳቢው 5 ደቂቃ ይለመናል፤ ከፍሎ የጨረሰማ ጃንጥላውን አንስቶ ይሄዳል። «ፈቃደኛ የሆናችሁ እጃችሁን አውጡ» ግን አይባልም። በጎረቤት ፊት የሚወጣ እጅ የይሉኝታ እጅ ነው፣ ቅዳሜ ሲደርስ ስልኩን አያነሳም። «በሚቀጥለው ቅዳሜ መጥታችሁ ልጆቹ ሲያነቡ እዩ» ብሎ መጋበዝ ይበቃል። ሊያይ በእግሩ የመጣ ሰው ያኔ ይመዘገባል።

ጥያቄውም ቁርጥ ያለ ይሁን። «ለልጆች ብታነቡ ምን ይመስላችኋል?» ቢባል እምቢ የሚል የለም። «ቅዳሜ ከጠዋቱ 3፡00 እስከ 4፡30፣ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ገና፣ እዚሁ ትምህርት ቤት፣ ለ5 ልጆች» ሲባል ግን ሰው ፕሮግራሙን ያስባል፤ የማይችለው እዚያው «አልችልም» ይላል፣ ይህም ትልቅ ጥቅም ነው። ገና ላይ ማቆሙ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከጥምቀት ወዲያ ሠርግ ስለሚበዛ ቅዳሜ ሰው አይገኝም። ዐቢይ ጾም ሲገባ ለሁለተኛው ዙር እንደገና ይጠየቃል። ሙስሊም አንባቢዎች ባሉበት ክበብ ደግሞ ረመዳን የት ላይ እንደሚውል አስቀድሞ ማየት ነው።

ቁጥሩን በተመለከተ፣ 30 ልጅ ካለ በ5 በ5 ሲከፈል 6 አንባቢ ይፈልጋል። 6 ሰው ብቻ ከተያዘ ግን በለቅሶው፣ በፈረቃው፣ በክርስትናው ምክንያት 4 ነው የሚገኘው፤ ስለዚህ 9 መያዝ ያስፈልጋል። ሁሉም በእግር የሚደርሱ ቢሆኑ ይመረጣል። ሁለት ታክሲ የሚቀያይር ሰው ወር ሳይሞላ ይቀራል። የትራንስፖርት ገንዘብ የሚሰጥ ከሆነ የዕለቱን በዕለቱ እንጂ በወር መጨረሻ አይሁን፤ ስሙንም አበል አትበሉት። አበል ከተባለ የመጠን ክርክር ይመጣል፣ ክርክሩም ንባቡን ይበላዋል።

የሙከራ ንባብ ሳያስነብቡ መመዝገብ ሌላው ስህተት ነው። 10 ደቂቃ ይበቃል፤ አጭር ተረት ይሰጠዋል፣ ሁለት ልጆች ፊቱ ይቀመጣሉ። ድምፁ ማማሩ አያሳስብም፤ እንደ ዜና አንባቢ የሚያንቆረቁር ሰው መጽሐፉን ወደ ራሱ ይዞ ልጆቹን ሊረሳቸው ይችላል። የምናየው መጽሐፉን ወደ ልጆቹ ያዞር እንደሆነ፣ በጣቱ ቃሉን ይከተል እንደሆነ፣ «ከዚህ በኋላ ምን ይመስላችኋል?» ብሎ ይጠብቅ እንደሆነ ነው። ከሁሉ በላይ ልጁ ሲሳሳት የሚያደርገውን እናያለን። «አይደለም! ድገም!» የሚል ካለ መጻሕፍት በመለበድና በመደርደር ቢያግዝ ይሻላል፤ ይህም ሥራ ሰው ይፈልጋል።

የልጆች ደህንነት ላይ ይሉኝታ አይሠራም። የታወቀ የሰፈር ሰውም ቢሆን የመታወቂያ ቅጂ፣ የሚያውቁት የሁለት ሰዎች ምስክርነትና ከወንጀል ነፃ ማስረጃ ያመጣል፤ የማስረጃውን ወጪ ድርጅቱ ይክፈል፣ ደብዳቤውንም ድርጅቱ ይጻፍ። አንድ ክፍል ውስጥ ምንጊዜም ሁለት አዋቂ ይኖራል፣ በሩ ክፍት ይሆናል፣ ልጅን ብቻውን ወደ ቤት መውሰድ የለም፣ የልጆች ፎቶ በግል ስልክ አይነሳም። ይህ የሚከብደው ሰው መጀመሪያውኑ ቢቀር ይሻላል።

አንባቢዎች በብዛት የሚቀሩት ሦስተኛው ሳምንት አካባቢ ነው። ስንፍና ይመስላል እንጂ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ቁልፍ ነው። ቅዳሜ ጠዋት የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ዝግ ነው፤ ቁልፉ ባለሙያዋ ቦርሳ ውስጥ ነው፣ ጥበቃው «ደብዳቤ አልደረሰኝም» ይላል። አንባቢው ልጆቹን ይዞ ግቢው ውስጥ ቆሞ ይመለሳል። ሁለቴ እንዲህ የሆነበት ሰው ተመልሶ አይመጣም። ስለዚህ ምልመላ ከመጀመሩ በፊት ሁለተኛ ቁልፍ ይቀረጽ፣ የማን እጅ እንደሚገባ በርእሰ መምህሩ ማኅተም ይጻፍ፣ ቅጂውም ለጥበቃው ይሰጥ። ሁለተኛው ምክንያት ዝምታ ነው፤ አንድ ቅዳሜ ለቀረ ሰው ማንም ካልደወለለት፣ በሚቀጥለው መምጣት ያሳፍረዋል። እሑድ ማታ «ምነው ቀሩ፣ ደህና ነዎት?» የሚል ስልክ ይደወልለት። ደዋዩ ሰው ከወዲሁ ተለይቶ ይታወቅ።

የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤቶች የንባብ በጎ ፈቃደኞችን ከክረምቱ ምዝገባ ለይተው በጥቅምት እንዲይዙልን እንጠይቃለን። የክረምቶቹ ወጣቶች አይባረሩ፤ ከመሄዳቸው በፊት በነሐሴ የሚተካቸውን የሰፈር ሰው አጠገባቸው አስቀምጠው ቢያለማምዱ ልጆቹም አዲሱን ሰው ይለምዱታል። ለዘጋቢዎቻችሁም አንድ ልመና አለን፦ ሐምሌ ላይ የዘገባችሁትን የንባብ ቦታ ኅዳር ላይ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሄዳችሁ እዩልን፤ ስንት አንባቢ በስንት ልጅ ፊት እንደተቀመጠም ቆጥራችሁ ጻፉ።

ከሕፃናት የንባብ ክበብ በጎ ፈቃደኛ መልማዮች
አዲስ አበባ