ትራሙ ሲወርድ ፌርማታው ከፍ ይበል

ይድረስ ለተከበሩ አዘጋጅ፦

ከተሞች ያረጁ ትራሞቻቸውን፣ ማለትም በከተማ መንገድ ላይ በሐዲድ የሚሄዱ የኤሌክትሪክ ባቡሮቻቸውን፣ ዝቅተኛ ወለል ባላቸው አዳዲስ ትራሞች እየተኩ ስለመሆናቸው የሚወጡ ዘገባዎችን በትኩረት እከታተላለሁ። አብዛኞቹ ስለ ትራሞቹ ርዝመት፣ ስለሚጭኑት ሰው ብዛትና ስለወጣባቸው ገንዘብ በሰፊው ሲያትቱ፣ ተሳፋሪው ከመንገድ ወደ ትራም የሚሻገርባትን አንዲት እርምጃ ግን ሳያነሡ ያልፋሉ። ትራሞቹ የሚገዙት በዋናነት ለዚያች እርምጃ ሲባል በመሆኑ፣ ጉዳዩ በጋዜጣችሁ ላይ ተገቢውን ቦታ እንዲያገኝ ይህን ደብዳቤ ጽፌያለሁ።

በቀድሞዎቹ ትራሞች ሞተሩ፣ ጎማዎቹን የሚያገናኘው ዘንግ (አክስሉ)ና ሌላው ከባድ መሣሪያ ሁሉ ከወለሉ ሥር ስለሚቀመጥ፣ ወለሉ ከሐዲዱ በላይ 90 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ይላል፤ ተሳፋሪውም ሁለት ወይም ሦስት ቀጥ ያሉ ደረጃዎችን መውጣት ግድ ይሆንበታል። በአዲሶቹ አሠራር አብዛኛው የኤሌክትሪክ መሣሪያ ወደ ጣሪያ ይወጣና የወለሉ ከፍታ ወደ 30 ወይም 35 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። የፈረንሳይዋ ናንት እ.ኤ.አ. በ1985 ትራምን እንደገና ስትጀምር ያስገባቻቸው ተሽከርካሪዎች ደረጃ ያላቸው ነበሩ። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን ግሬኖብል፣ የአካል ጉዳተኞች ማኅበራት አጥብቀው በመከራከራቸው፣ ተሽከርካሪ ወንበር የሚያስገባ ዝቅተኛ ወለል ያለው ትራም ሥራ ላይ አዋለች። ናንትም በኋላ የራሷን ትራሞች መሐል ላይ እየከፈተች ዝቅተኛ ወለል ያለው ክፍል ለመጨመር ተገደደች፤ አስቀድሞ ያልታሰበበት ነገር ዋጋው እጥፍ እንደሚሆን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ምሳሌ አላውቅም። እ.ኤ.አ. በ1990 የጀርመንዋ ብሬመን ከዳር እስከ ዳር ደረጃ ከሌላቸው የመጀመሪያዎቹ ትራሞች አንዱን ለሙከራ አቀረበች። ከዚያ ወዲህ ቴክኖሎጂው በአያሌ ከተሞች ተስፋፍቷል።

ነገር ግን ወለሉ 30 ሴንቲ ሜትር ላይ ሲደርስ ችግሩ ተፈታ ማለት አይደለም። በተሽከርካሪ ወንበር ለሚንቀሳቀስ ሰው 30 ሴንቲ ሜትርም ያው ግድግዳ ነው። ወለሉ ጥቅም የሚሰጠው ፌርማታው በእኩል ከፍታ የተሠራ መሳፈሪያ መድረክ ሲኖረው ብቻ ነው። በዓለም ትልቁን የትራም መረብ የያዘችው የአውስትራሊያዋ ሜልቦርን ዝቅተኛ ወለል ያላቸውን ትራሞች ማስገባት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበር፤ ሆኖም ከተማዋ የምትገኝበት የቪክቶሪያ ክፍለ ግዛት ዋና ኦዲተር እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ሪፖርት፣ በ2018/19 ዝቅተኛ ወለል ያለው ትራምና ከፍታው የተስተካከለ ፌርማታ የተገናኙት በ15 በመቶው የትራም አገልግሎት ላይ ብቻ እንደነበር አመልክቷል። አንዱ መስመር ላይ አዲሱ ትራም መጥቶ መድረክ የለም፤ ሌላው ላይ መድረኩ ተሠርቶ የሚመጣው ደረጃ ያለው አሮጌ ትራም ነው። ሁለቱም ወጪ ተከፍሎባቸዋል፤ ተሳፋሪው ግን አሁንም ቆሞ ይመለከታል።

መድረክ በሌለበት ቦታ የሚቀርበው መፍትሔ ከበሩ ሥር የሚዘረጋ መወጣጫ ነው። በካናዳዋ ቶሮንቶ ትራሞች ላይ ይህ መወጣጫ በሁለተኛው በር ላይ የተገጠመ ሲሆን፣ ፌርማታው መድረክ ካለው አጭሩ ክፍል ብቻ ይወጣል፤ ከሌለው ደግሞ ረጅሙ ክፍል እስከ አስፋልቱ ድረስ ይዘረጋል። መሣሪያው መልካም ነው፤ ባይኖር ኖሮ ብዙ ሰው ቤቱ ይቀር ነበር። ይሁን እንጂ ተሳፋሪው መኪና በሚመላለስበት መንገድ መሐል ሆኖ መወጣጫው እስኪዘረጋ መጠበቅ፣ ከዚያም አቀበቱን በክንዱ ኃይል ገፍቶ መውጣት አለበት፤ ትራሙ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉም ዐይኑን እሱ ላይ ይጥላል። ማንንም ሳይጠይቅ እንደ ማንኛውም ሰው ገብቶ መሄድ ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነው።

መድረክ ቢሠራም ጥንቃቄው አያልቅም። የተሽከርካሪ ወንበር የፊት ጎማዎች ትንንሽ ስለሆኑ በመድረኩና በበሩ መካከል ያለች የጥቂት ጣት ክፍተት ጎማውን ይዛ ልታስቀር ትችላለች። በዚያ ላይ የትራሙ የብረት ጎማዎች በአገልግሎት እየተበሉ ወለሉ ይወርዳል፤ ሰው ሲሞላም ይበልጥ ዝቅ ይላል። ስለዚህ የሐዲዱና የጎማው ጥገና የተደራሽነት ጉዳይ እንጂ የመካኒኮች ጉዳይ ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም።

ትራሞቹ ስለሚያድሩበትና ስለሚጠገኑበት ዴፖ ብዙ አልልም፤ መሣሪያው ጣሪያ ላይ ከወጣ ሠራተኛውም ከትራሙ ሥር ካለው የጥገና ጉድጓድ ወጥቶ ከላይ የሚሠራበት ማማና ክሬን እንደሚያስፈልገው ግልጽ ነው። ቶሮንቶም ለአዲሶቹ ትራሞች አዲስ ዴፖ መሥራት አስፈልጓታል። አምራቹ የሚነግረውንም ሁሉ እንዳለ መቀበል አይገባም፤ እ.ኤ.አ. በ2004 የጀርመኑ አምራች ሲመንስ፣ ኮምቢኖ በተባሉት ዝቅተኛ ወለል ያላቸው ትራሞቹ አካል ላይ ስንጥቅ በመገኘቱ፣ ከ120,000 ኪሎ ሜትር በላይ የተጓዙት ከአገልግሎት እንዲወጡ ለማሳሰብ ተገድዶ ነበር።

የታዘዙ ትራሞች መዘግየታቸውም ያለ ነገር ነው። ቶሮንቶ 204 ትራሞችን ያዘዘችው እ.ኤ.አ. በ2009 ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ ሥራ የጀመሩት በነሐሴ 2014 ማብቂያ ላይ፣ የመጨረሻው የደረሰው ደግሞ በ2020 መጀመሪያ ነው። ከተሞች ይህን የመሰለውን ጊዜ አምራቹን በመውቀስ ብቻ ያሳልፉታል። እኔ ግን ፌርማታን አንድ በአንድ ለማደስ ከዚህ የተሻለ ጊዜ ይገኛል ብዬ አላምንም። የትራሞቹ ግዢና የፌርማታዎቹ ግንባታ በአንድ ውሳኔ፣ በአንድ በጀት ይጽደቁ፤ ቀድመው የሚደርሱት ትራሞችም ፌርማታቸው በተጠናቀቀ መስመሮች ላይ ይመደቡ። ዲዛይኑ ከመጽደቁ በፊትም በተሽከርካሪ ወንበር የሚንቀሳቀሱ፣ ዐይነ ስውራንና አረጋውያን በሙሉ መጠን የተሠራ ናሙና ውስጥ ገብተው፣ ዞረው፣ ወጥተው አስተያየታቸውን ይስጡ።

ጋዜጣችሁንም አንድ ነገር እጠይቃለሁ። ስለ አዲስ ትራም በምትዘግቡበት ጊዜ ሁሉ፣ በዚያ መስመር ላይ አንድ ተሳፋሪ ያለማንም ርዳታ በተሽከርካሪ ወንበሩ ሊሳፈርባቸው የሚችሉት ፌርማታዎች ስንት እንደሆኑ ኃላፊዎቹን ጠይቁልን፤ መልሱንም ከትራሞቹ ዋጋ ጎን አትሙት።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ