የሥነ ሕይወትና ኮምፒውተር ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ ባሕር የገባው ባሕር ዛፍ

መስከረም ላይ ክበቡን ስንከፍት 31 ተማሪ ተመዘገበ። ግማሹ የመጣው ጌም ያለ መስሎት ነው። ኅዳር ላይ 17 ቀሩ። ዓመቱን ሙሉ ረቡዕ ረቡዕ ከትምህርት በኋላ አይሲቲ ክፍል የከረሙት እነዚህ ናቸው። የሚሠሩት ኮምፒውተሮች ዘጠኝ ስለሆኑ ሁለት ሁለት ሆነው ተቀመጡ። ማውሱን ማን ይያዝ የሚለው ጭቅጭቅ ራሱን የቻለ ዘገባ ይወጣዋል።

ሥራችን በግቢያችን ያለውን ዛፍ ሁሉ መመዝገብ ነበር። የዛፉ ስም፣ ከመሬት 1.3 ሜትር ከፍታ ላይ የግንዱ ዙሪያ፣ በስልክ ጂፒኤስ ያለበት ቦታ፣ የተለካበት ቀን። ሜትር ከየቤቱ መጣ፤ አብዛኛው የልብስ ሰፊ ሜትር ነው። እኔ «የአንድ ወር ሥራ ነው» ብዬ ነበር። ጥር ላይም እዚያው ነበርን።

186 ዛፍ ከደብተር ወደ ኤክሴል ከገባ በኋላ በየዓይነቱ እንዲቆጥርልን አዘዝነው። ግቢያችን ውስጥ አራት ዓይነት ባሕር ዛፍ አለ አለን። አንዱ «ባሕር ዛፍ»፣ አንዱ «ባህር ዛፍ»፣ አንዱ ተያይዞ የተጻፈ «ባህርዛፍ»። ጥዱም ጥድ፣ ጽድ፣ ፅድ ተብሎ ለሦስት ተከፍሏል። እኛ ስናነብ ሀ እና ሐ ያው ናቸው፤ ለማሽኑ ግን እንደ ለ እና መ የተለያዩ ናቸው። ያስለፋን አራተኛው ባሕር ዛፍ ነው። ከሁለተኛው ጋር ፊደል በፊደል አንድ ነው፣ ግን ለብቻው ይቆጠራል። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሴሉን (ቃሉ የተጻፈበትን የሠንጠረዥ ሳጥን) ሁለቴ ክሊክ አድርጋ ዝም ብላ አየችው። ከርሰሩ ብልጭ ድርግም የሚለው ከ«ፍ» ትንሽ ራቅ ብሎ ነው። አንድ ስፔስ! ከቃሉ በኋላ የተመታች፣ የማትታይ። ያን ቀን ክፍሉ ውስጥ ጎል የገባ ነው የመሰለው።

ከዚያ ወዲያ ከአማርኛው ስም ጎን ሳይንሳዊ ስም የሚገባበት ዓምድ ጨመርን፤ ለጥድ ጁኒፐረስ ፕሮሴራ፣ ለብሳና ክሮቶን ማክሮስታኪየስ እያልን። የላቲን ስም ለፈተና ብቻ የሚሸመደድ ይመስላቸው የነበሩ ልጆች ራሳቸው ናቸው የጠየቁት።

ቀኑ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበር። ኤክሴላችን የሚያስበው በፈረንጅ አቆጣጠር፣ እሱም ወርን በሚያስቀድመው በአሜሪካኖች ልማድ ነው። ጥቅምት 5ን ልጆቹ 5/2/2017 ብለው ጻፉ፤ እሱ ሜይ 2 አደረገው። ጥቅምት 15ን 15/2/2017 ሲሉት ደግሞ 15ኛ ወር ስለማያውቅ እንደ ተራ ጽሑፍ ተወው። ቀን ያለውን ወደ ቀኝ፣ ጽሑፍ ያለውን ወደ ግራ ስለሚያስጠጋ ዓምዱ ግማሹ ወደ ቀኝ ግማሹ ወደ ግራ ተለጥፎ ቀረ። በመጨረሻ ቀን፣ ወርና ዓመትን በሦስት ዓምድ ለያይተን ተገላገልን።

«እኛ ብቻ ነን እንዲህ የምንሆነው?» ላለኝ ልጅ የጂኖቹን (ከወላጅ የሚወረሱትን የዲኤንኤ ክፍሎች) ታሪክ ነገርኩት። ሴፕት1፣ ማርች1 የሚባሉ የሰው ጂኖች ነበሩ። ኤክሴል ሴፕቴምበር 1 እና ማርች 1 እያደረገ አስቸገረ። በፈረንጆቹ 2016 የወጣ ጥናት፣ የጂን ዝርዝር በኤክሴል አያይዘው ከታተሙ ጽሑፎች ከአምስቱ በአንዱ ያህል እንዲህ ያለ ስህተት አግኝቷል። ለሰው ጂኖች ስም የሚያወጣው ኮሚቴ በ2020 የጂኖቹን ስም ራሱ መቀየሩን ይፋ አደረገ። ሴፕት1 አሁን ሴፕቲን1 ነው። ልጁ ሰምቶ ዝም አለና «ኤክሴሉን አይቀይሩም ነበር?» አለ። መልስ አልነበረኝም።

የካቲት ላይ ካርታ ሠራን። 11 ዛፎች ሜዲትራኒያን ባሕር ውስጥ፣ ከሰርዲኒያ ደሴት በስተደቡብ ቆመው ተገኙ። አዲስ አበባ በሰሜን 9፣ በምሥራቅ 38.7 ዲግሪ ገደማ ናት፤ አንዱ ቡድን ሁለቱን አገላብጦ አስገብቷል። «ቲቸር፣ ባሕር ዛፍ አይደል? ባሕር ገባ» አሉ። እስከ ሰኔ ድረስ ተቀለደበት።

ፍላሻችን አንዴ ቫይረስ ገብቶበት ፎልደሩ ሁሉ ሾርትከት ሆነ። ደብተሩ ስለነበር በሁለት ረቡዕ መልሰን ጻፍነው።

ከፋሲካ በኋላ ወደ ዲኤንኤ ተሻገርን። የጤፍ ሙሉ ጂኖም (ጠቅላላ ዲኤንኤዋ) ንባብ የታተመው በፈረንጆቹ 2014 ነው፣ ጸደይ ከተባለችው ዝርያ። እኛ አርቢሲኤል የተባለውን አንድ ጂን ብቻ ጂንባንክ ከሚባለው የኢንተርኔት የዲኤንኤ መዝገብ አወረድን። ዲኤንኤ የሚጻፈው ኤ፣ ሲ፣ ጂ እና ቲ በሚባሉ አራት ፊደላት ነው። መጀመሪያ የአንድ መስመር 60 ፊደል ውስጥ ስንት ጂ እንዳለ በእጅ ይቆጠር አልኩ። ሦስት ልጆች አንድ መስመር ቆጥረው ሦስት መልስ አመጡ። በፎርሙላ ስናስቆጥረው ደግሞ ዜሮ አለ። «ጤፍ ጂ የላትም እንዴ?» ተባለ። ጂንባንክ የሚጽፈው በትንንሾቹ ፊደላት ነው፤ እኛ ቁጠር ያልነው ትልቁን ጂ ነበር።

ኔትወርክ ሲመጣ ብላስት በሚባለው መፈለጊያ ጤፍን ከዳጉሳ፣ ከማሽላና ከስንዴ ጋር አስተያየን። ብዙው ልጅ በስንዴ ተወራርዶ ነበር። ጤፍ የቀረበችው ለዳጉሳ ነው፤ በሣሮች ምደባም ሁለቱ አንድ ንዑስ ቤተሰብ ናቸው። ቤተሰቡ ከጎጃም የሆነ ልጅ «እኛ ቤት እኮ ሁለቱን ቀላቅለን ነው የምንጋግረው» ብሎ ቀኑን ሙሉ ተጎረረ።

በወላጆች ቀን ካርታውን አትመን ግድግዳ ላይ ለጠፍነው፤ ሚኒ ሚድያዎችም አስተዋወቁልን። የጥበቃ ሠራተኛችን ጋሼ መጥተው ጣታቸውን እያስኬዱ አዩት። ልጆቹ «ያልታወቀ» ያሏትን ብሳና ለይተው የነገሩን እሳቸው ነበሩ። «ከሽንት ቤቱ ጀርባ ያለችው ወይራስ?» አሉ። ካርታው ላይ የለችም። ሁለት ልጆች ሜትር ይዘው ሮጡ። 187ኛ ሆና ገባች፤ ዙሪያዋ 94 ሳንቲ ሜትር ነው።