ጳጉሜ 6ን የማያውቀው ፎርም

ይድረስ ለወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ ተመስገን ደህና ነኝ። ይህን ያህል ጠፍቼ ዛሬ ብቅ ማለቴ ያሳፍራል። ሰበብ አልደረድርም። ምን እንዳስታወሰኝ ግን ልንገርህ፤ ትስቃለህ።

አሁን የምሠራው አንዲት ትንሽ ክሊኒክ ካርድ ክፍል ውስጥ ነው። የታካሚ መመዝገቢያውን በአክሰስ (የማይክሮሶፍት የመረጃ ቋት ፕሮግራም) የሠራሁት እኔው ነኝ። የትውልድ ቀን በእጅ ነበር የሚጻፈው። አንዷ መዝጋቢ በእኛ ትሞላለች፣ ሌላዋ በፈረንጅ። አንድ ቀን አንዲት እናት የሁለት ዓመት ልጇን አዝላ መጣች። ኮምፒውተሩ አሥር ዓመቷ ነው አለ! በ2016 ተወለደች ተብሎ ተጽፏል፤ ማሽኑ የፈረንጁ 2016 መስሎታል።

ያን ማታ ካላንደር ላስገባ ተቀመጥኩ። ከአክሰስ 2007 ወዲህ አብሮ ይመጣል (ይሄኛው 2007 የፈረንጅ ነው)። ሳጥኑ የቀን ዓይነት ከሆነ፣ ስትነካው ከጎኑ ትንሽ ምልክት ብቅ ትላለች። የእኔዋ እምቢ አለች። አንድ ሰዓት ሙሉ ለፋሁ። ለካ ድሮ የሰጠሁት ኢንፑት ማስክ (ጽሑፉ በምን ቅርጽ እንደሚገባ የሚወስነው ቅንብር) ነው የከለከላት። ሳጠፋው ወዲያው መጣች።

ግን ምን ዋጋ አለው፣ ካላንደሯ ፈረንጅ ናት። እናቶቹ «የኅዳር ሚካኤል ማግስት» ይላሉ፣ መዝጋቢዋ ጣቷን ትቆጥራለች። ስለዚህ ለመድኃኒት ማብቂያ ቀን ብቻ ተውኳት። ለልደት ሦስት መምረጫ ሳጥን ሠራሁ፦ ቀን፣ ወር፣ ዓመት። ወሩ አሥራ ሦስት ነው። ከኋላ ያለው ኮድ ወደ ፈረንጅ ቀይሮ ያስቀምጠዋል።

ከዚያ የማውቀውን ልደት ሁሉ ሞከርኩ። የእናቴ ሠራ። የእኔም ሠራ። ያንተን አስገባሁ፦ ጳጉሜ 6 ቀን 1979። «እንዲህ ያለ ቀን የለም» አለኝ። መልእክቱን የጻፍኩት እኔው ነኝ እኮ! ዘመነ ሉቃስን ረስቼ ጳጉሜን በ5 ዘግቻታለሁ። የዘጠነኛው ልደትህ ማታ፣ በ2015፣ ሻማውን ዘጠኝ ብቻ ሰክተን ስንስቅብህ ትዝ አለኝ። ከዚያ ወዲህ አልተያየንም።

ኮዱን አስተካከልኩት። አክሰስ ቀንን የሚይዘው በቁጥር ነው፣ ከዲሴምበር 30 ቀን 1899 ጀምሮ እየቆጠረ። ያንተ 32,031 ሆኖ ተቀምጧል። አላጠፋሁትም።

አሥረኛው ጳጉሜ 2019 ላይ ነው። ዶሮው ከእኔ። የድሮው ስልክህ ይሠራል?

ያው ወንድምህ