አባባ፣ ስልክዎ ሳይጠይቅዎ ዋይፋይ ውስጥ እንዳይገባ

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

እንደምን ሰንብተዋል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። ልጆቹ "አያታችን መቼ ነው የሚመጣው?" እያሉ መግቢያ መውጫ አሳጥተውኛል። ቪዛው መገኘቱን ከሰማሁ ወዲህ እኔም ሥራ ቦታ ሆኜ ሐሳቤ እርስዎ ጋ ነው።

ዛሬ የምጽፍልዎ ስለ ሻንጣም ስለ በርበሬም አይደለም። እሱን ከእማዬ ጋር ጨርሰናል። የምጽፍልዎ ስለ ስልክዎ ነው። ከመነሳትዎ በፊት አንድ ነገር እንዲስተካከል እፈልጋለሁ፤ ስልክዎ በየደረሰበት ዋይፋይ ላይ ራሱ ዘሎ መግባቱን እንዲያቆም። ደውዬ ልነግርዎ አስቤ ነበር። ግን ምክንያቱን ሳያውቁ "ይህን ይጫኑ፣ ያን ያጥፉ" ሲባሉ እንደማይወዱ አውቃለሁ። በጽሑፍ ሲሆን ደግሞ መነጽርዎን አድርገው፣ ቀስ ብለው ያዩታል።

ነገሩ ያሳሰበኝ ባለፈው ከካፌው በቪዲዮ ሲደውሉልኝ ነው። ምስልዎ ቆመ። ድምፅዎ ተቆራረጠ። "ኔትወርክ የለም" ብለው ዘጉት። ትንሽ ቆይተው ከመንገድ ላይ ሲደውሉ ግን አጠገቤ የቆሙ ያህል ጥርት ብሎ ተሰማኝ። ኔትወርክ ጠፍቶ አልነበረም አባባ። የሞባይል ዳታዎ በደንብ ይሠራ ነበር። ስልክዎ ግን የካፌውን ዋይፋይ ከዚህ በፊት ስለሚያውቀው፣ ገና በሩ ላይ ሲደርሱ ዳታውን ትቶ እዚያ ላይ ተለጠፈ። ዋይፋዩን ደግሞ ካፌው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ይሻማበታል። ከቤት ሲወጡ ግቢው በር ላይ ወሬያችን የሚቋረጠውም በዚሁ ጠባዩ ነው። ዋይፋዩን የሚያሰራጨው መሣሪያ፣ ራውተሩ፣ ሳሎን ነው ያለው፤ ሲግናሉ በሩ ጋ ሲደርስ ይደክማል። ስልኩ ግን ቶሎ አይለቅም።

መቆራረጡ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል አልጽፍም ነበር።

ስልክዎ አንድ ጊዜ የገባበትን ዋይፋይ ስምና ፓስወርድ መዝግቦ ያስቀምጣል። ከዚያ በኋላ በሄዱበት ሁሉ ዙሪያውን ይቃኛል። ያን ስም ካገኘ አይጠይቅዎትም፣ ይገባል። የሚያውቀው ስሙን ነው እንጂ ከስሙ ጀርባ ያለው መሣሪያ የማን እንደሆነ አያውቅም። ከደጅ ሆኖ "እኔ ነኝ" ላለው ሁሉ በር እንደሚከፍት ሕፃን ነው።

እንዲህ የተሠራው ያለ ምክንያት አይደለም። ትልቅ ሆቴል ወይም ኤርፖርት ውስጥ አንድ መሣሪያ አይበቃም፤ በየፎቁና በየአዳራሹ ብዙ ይተከላል። ሁሉም አንድ ስም ይይዛሉ። ሰው ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ሲሄድ መስመሩ እንዳይቋረጥበት፣ ስልኩ ስሙን እያየ ከአንዱ መሣሪያ ወደ ሌላው ይሻገራል። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ክፋቱ፣ ስም ባለቤት የለውም። ማንም ሰው ራውተሩን ወይም የስልኩን ሆትስፖት ያሻውን ስም ሊሰጠው ይችላል። ከልካይ የለበትም። አጠገብዎ የተቀመጠ ሰው የሆቴሉን ስም አውጥቶ ቢከፍት፣ ስልክዎ ሁለቱን መለየት አይችልም። እንዲያውም የሰውየው ሲግናል ከበረታ ወደ እሱ ነው የሚሄደው።

ይህ በተለይ ፓስወርድ የሌላቸውን ክፍት ዋይፋዮች ይመለከታል። ፓስወርድ ያለው ይሻላል። ስልኩና ራውተሩ ሲገናኙ ሁለቱም ፓስወርዱን ማወቃቸውን እርስ በርስ ያረጋግጣሉና፣ ስሙን ብቻ የቀዳ ሰው እዚያ ላይ ይቀራል። የቤታችን ዋይፋይ ብዙ የማያሰጋኝ ለዚህ ነው። ነገር ግን ካፌው ፓስወርዱን ግድግዳ ላይ ለጥፎታል፤ እርስዎም ፎቶ አንስተው ልከውልኛል። የገባ ሁሉ የሚያውቀው ፓስወርድ ብዙ አይከላከልም። ስሙን የሚቀዳ ሰው ፓስወርዱንም ይቀዳዋል።

"ማን ይህን ሁሉ ይደክማል?" እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ተደርጓል አባባ። በ2024 በፈረንጆች አቆጣጠር የአውስትራሊያ ፌዴራል ፖሊስ አንድ የ42 ዓመት ሰው በዚህ ጉዳይ ከሰሰ። በአገር ውስጥ በረራ ላይ የነበሩ የአየር መንገድ ሠራተኞች ነበሩ መጀመሪያ አጠራጣሪ ዋይፋይ አይተው የጠቆሙት። ሰውየው ፐርዝ ኤርፖርት ላይ ሲፈተሽ በእጅ የምትያዝ የዋይፋይ መሣሪያ፣ ላፕቶፕና ስልክ ተገኘበት። ፖሊስ እንዳለው፣ በፐርዝ፣ በሜልበርንና በአዴሌድ ኤርፖርቶችና በበረራ ላይ የእውነተኛዎቹን ስም የያዘ የሐሰት ዋይፋይ ይከፍት ነበር። የገባው ሰው አንድ ገጽ ይመጣለታል። ገጹ "ለመቀጠል በኢሜይልዎ ወይም በማኅበራዊ ሚዲያ አካውንትዎ ይግቡ" ይላል። ሰውም ይጽፋል። የተጻፈው ሁሉ ሰውየው ጋ ይቀራል።

ሌላውን ሁሉ ቢረሱት ይህን ገጽ አይርሱብኝ። ስልክዎ ራሱ ዘሎ ሲገባ ይህ ገጽ ድንገት ፊትዎ ላይ ይመጣል። እርስዎ ያልጠየቁት ነገር ስለሆነ ስልኩ የጠየቀ ይመስልዎታል፤ ሰው ደግሞ ስልኩ ሲጠይቀው ይመልሳል። ስምና ስልክ ቁጥር የሚጠይቁ እውነተኛ ዋይፋዮች አሉ፤ እሱ የተለመደ ነው። የቴሌግራም ኮድ፣ የባንክ ወይም የቴሌብር ፒን፣ የኢሜይል ፓስወርድ ግን ኢንተርኔት ለመስጠት ለማንም አያስፈልግም። እነዚህን የጠየቀ ገጽ ሌባ ነው። የቴሌግራም ኮድዎን ያገኘ ሰው በእርስዎ ስም ገብቶ ለዘመድ አዝማዱ ሁሉ "ቸግሮኛል፣ ብር ላኩልኝ" ሊል ይችላል። እርስዎን የሚያከብር ሰው ብዙ ነው፤ ሳይጠይቅ የሚልከው አይጠፋም። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ይኼ ነው።

ከልክ በላይ ላስፈራዎትም አልፈልግም። ዛሬ አብዛኛው አፕና ድረ ገጽ የሚያስተላልፈውን ቆልፎ ነው የሚልከው። በሐሰት ዋይፋይ ቢያልፍም እንኳ የባንክ አፕዎ ውስጥ ያለውን እንዲሁ ማንበብ አይቻልም። ብቻ ድረ ገጽ ሲከፍቱ "ይህ ግንኙነት አስተማማኝ አይደለም" የሚል ቀይ ማስጠንቀቂያ ከመጣ "ቀጥል" አይበሉት። ይውጡ።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። የእርስዎ ስልክ ሳምሰንግ ስለሆነ በሱ ልንገርዎ፤ ቃላቱ እንደ ሞዴሉ ትንሽ ሊለያዩ ይችላሉ። ሴቲንግ ይግቡ፣ ከዚያ ኮኔክሽንስ፣ ከዚያ ዋይፋይ። ማብሪያ ማጥፊያዋን ሳይሆን ዋይፋይ የሚለውን ጽሑፍ ራሱን ይጫኑ። ከላይ በቀኝ በኩል ሦስት ነጠብጣቦች አሉ። እነሱን ሲነኩ አድቫንስድ የሚል ይመጣል፤ እዚያ ውስጥ ማኔጅ ኔትወርክስ የሚል ያገኛሉ። ስልክዎ እስከ ዛሬ የመዘገባቸው ዋይፋዮች ሁሉ ተደርድረው ይታያሉ። ይገርምዎታል! የክሊኒኩ፣ የሠርግ አዳራሹ፣ ሐዋሳ ያረፉበት ሆቴል፣ ሁሉም አሉ። አንዱን ሲነኩ ሁለት ነገር ይታይዎታል። አንደኛው ኦቶ ሪኮኔክት ይላል። እሱን ካጠፉት ስልኩ ፓስወርዱን አይረሳም፤ ነገር ግን እርስዎ ካልነገሩት አይገባም። ሁለተኛው ፎርጌት ነው፤ እሱ ስሙንም ፓስወርዱንም ጨርሶ ይሰርዛል።

ለካፌው ኦቶ ሪኮኔክቱን ያጥፉ። በየቀኑ ስለሚሄዱበት ፓስወርዱን ደጋግሞ መጻፍ ያሰለችዎታል። ሲፈልጉ ስሙን ነክተው ይገባሉ፤ ሲደውሉልኝ ደግሞ በዳታዎ ይሆናሉ። የክሊኒኩን፣ የአዳራሹን፣ የሆቴሉን ይሰርዙ። የማያስታውሱትን ስም ሁሉ ሳያመነቱ ይሰርዙ። የቤቱን ግን እንዳይነኩት! እሱ እንዳለ ይሁን። እሱን ካጠፉት ቤት ተቀምጠው ፓኬጅዎ ሲያልቅ ሳያውቁት ይቀራሉ።

እዚያው ሦስቱ ነጠብጣቦች ውስጥ ኢንተለጀንት ዋይፋይ የሚልም ሊኖር ይችላል። ሲከፍቱት ዋይፋይን ራሱ የሚያበራና የሚያጠፋ ትዕዛዝ ካገኙ ያጥፉት። ያ ትዕዛዝ ክፍት ከሆነ፣ እርስዎ አጥፍተውት የወጡትን ዋይፋይ ስልኩ የለመደው ቦታ ሲደርስ መልሶ ያበራዋል። ዋይፋዩ ሲደክም ወደ ዳታ የሚያሻግር ሌላ ትዕዛዝም አለ። እሱን እንደፈለጉ ያድርጉት። ወሬያችን እንዳይቋረጥ ይረዳል፤ ፓኬጅ ግን ይበላል።

የእማዬ አይፎን ቀላል ነው። ሴቲንግ ውስጥ ዋይፋይ፣ ከስሙ አጠገብ ክብ ውስጥ ያለችውን ሰማያዊ ፊደል መንካት፣ ኦቶ ጆይን የሚለውን ማጥፋት። ከ2022 ወዲህ በወጣው ሲስተም ደግሞ ዋይፋይ ገጹ ላይ ኤዲት የሚለውን ሲነኩ የተመዘገቡት ሁሉ ይታያሉ። ድሮ ዋይፋዩ ያለበት ቦታ ካልደረሱ በቀር አንዱን ለይቶ መሰረዝ አይቻልም ነበር። አንድ ነገር ይንገሯት፤ ስክሪኑን ጎትታ በምታወጣው ሰሌዳ ላይ ዋይፋይን ስትነካ የምታጠፋው ይመስላታል እንጂ አይጠፋም። ለጊዜው ከገባበት ዋይፋይ ይወጣል፣ በማግስቱ ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ደግሞ ተመልሶ መግባት ይጀምራል። በእውነት እንዲጠፋ ከሴቲንግ ነው ማጥፋት ያለባት።

የአክስቴ ልጅ የቤቱን ዋይፋይ ስም "ለደህንነት" ብሎ እንደደበቀው ነግረውኝ ነበር። ለእኛ ብሎ ያደረገው ነው፤ ግን መልሶ እንዲገልጠው ይንገሩት። ስሙ የተደበቀ ዋይፋይ ራሱን ስለማያስተዋውቅ፣ ስልኩ ነው በየሄደበት ስሙን እየጠራ የሚፈልገው። ገበያ መሀል ሆኖ የቤታችሁን ዋይፋይ ስም ሲጠራ ይውላል ማለት ነው። የሚጠቅመው ጠንካራ ፓስወርድ ነው። ራውተሩ ሲመጣ ከጀርባው ተለጥፎ የነበረው ካልተቀየረ እግረ መንገዱን እሱን ይቀይረው።

ስለ ጉዞው ደግሞ ይህን ብቻ ላክል። ቦሌ ሲደርሱ ዋይፋዩን ከሴቲንግ ያጥፉት። የሚያስፈልግዎትን ሁሉ እኔ በወረቀት አትሜ እልክልዎታለሁ፤ የእኔን አድራሻና ስልክ ጭምር። ዳታ ሮሚንግ የሚለውም፣ ማለትም ውጭ አገር ሆነው በአገር ቤት ሲምዎ ዳታ የሚያስጠቅምዎት፣ መጥፋቱን ያረጋግጡ፤ ሳያውቁት ካርድዎን ይጨርስብዎታል። ፍራንክፈርት ኤርፖርት ነፃ ዋይፋይ አለ፤ ነገር ግን አያስፈልግዎትም። ሻንጣዎን ይዘው ሲወጡ እኔ መውጫው ላይ ነኝ። ቢዘገዩም አልሄድም። ምናልባት የግድ ማግኘት ካለብዎት ትክክለኛውን ስም ዩኒፎርም የለበሰ ሠራተኛ ይጠይቁ፤ ስሙን ራስዎ መርጠው ይግቡ፤ ጨርሰው ሲወጡ ፎርጌት ያድርጉት። ቤት ሲደርሱ የእኛን ዋይፋይ ልጆቹ ያስገቡልዎታል። ማን ያስገባል ብለው ከአሁኑ ተጣልተዋል።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ እደውላለሁ። የምደውለው በእማዬ ስልክ ነው፤ የእርስዎ ቻርጅ ተደርጎ እጅዎ ላይ ይሁን። ያ ዝርዝር ውስጥ ያሉትን ስሞች አንድ በአንድ ያነቡልኛል፤ የትኛው እንደሚቀርና የትኛው እንደሚሰረዝ አብረን እንወስናለን። መነጽርዎንም አይርሱ፣ ጽሑፉ ደቃቅ ነው።

ለእማዬ፣ ለአክስቴና ለጎረቤት ሁሉ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ።

አክባሪ ልጅዎ፣
ከፍራንክፈርት