የቅርስ ክበብ የዓመቱ ሥራ፦ ከምጽዋው ባንክ እስከ ፒያሳ

የቅርስ ክበባችን ዘንድሮ አንድ ጥያቄ ይዞ ከረመ፦ ሕንጻ ሥራው ሲቀየር ገላው ላይ ምን ይቀራል? ለመነሻ የተመረጠው ምጽዋ ወደብ ላይ ያለው የጣሊያን ባንክ ሕንጻ ነው። ጎንደር ተቀምጦ ስለ ምጽዋ ማጥናት ሩቅ የሚመስለው ካለ የጥንቱን የሲራራ መንገድ ያስብ፤ የጎንደር ነጋዴ በአድዋ በኩል ወደ ባሕር የሚወርደው ወደዚያው ነበር። በዚያ ዘመን መገበያያ የነበረው የብር ገንዘብ፣ ማርትሬዛ፣ አንዱ 28 ግራም ያህል ስለሚመዝን ሺው ብር 28 ኪሎ ይሆናል። ባንክ ቤት ወፍራም ግድግዳና ሸክም የሚችል ወለል የሚፈልገው በሌባ ምክንያት ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ ስሌት ይታያል።

ጣሊያን ምጽዋን የያዘችው በ1877 ዓ.ም. ነው። በነሐሴ 1913 ዓ.ም. ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ ከተማዋን አፈራረሳት። የባንኩ መልክ የ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሲሆን የጎቲክ ሹል ቅስት ያላቸው መስኮቶችና ማማ አሉት። በየካቲት 1982 ዓ.ም. ውጊያ ክፉኛ ከተጎዱት የከተማዋ አሮጌ ሕንጻዎችም አንዱ ነው።

የድሮ ባንክ ቤት ሌላ አገልግሎት ሲሰጠው መጀመሪያ የሚነሳው የገንዘብ መክፈያው ባንኮኒ ነው። ንጣፉ ላይ ግን ሰው ያልረገጠው፣ ቀለሙ ያልደበዘዘ ቀጥ ያለ መስመር ትቶ ይሄዳል። የካዝናው ክፍል መስኮት ስለሌለው ለቢሮ አይመችም፤ አብዛኛውን ጊዜ ዕቃ ቤት ይሆናል። የብረት በሩም ግድግዳ ሳይፈርስ ስለማይወጣ እዚያው ይቀራል። የተደፈነ መስኮት ልስኑ ከዙሪያው ይለያል፤ ፀሐይ በጎን ስትመታው በግልጽ ይታያል።

ሕንጻ የመለካትና የመንደፍ ልምምዱ የተደረገው እዚሁ ጎንደር ፒያሳ ነው። ጣሊያኖች ጎንደር የገቡት በመጋቢት 1928፣ የተሸነፉት በኅዳር 1934 ዓ.ም. ነው፤ ስድስት ዓመት እንኳ ባልሞላ ጊዜ አርክቴክቱ ጌራርዶ ቦዚዮ ባወጣው ፕላን ፒያሳን ሠሩ። አባላቱ የሕንጻዎቹን ፊት በ30 ሜትር ሜትሮ ለክተው በ1፡50 ሚዛን ነደፉ። መጀመሪያ የወጡት ንድፎች አልገጠሙም። ምክንያቱ በርና መስኮቱ ለየብቻ ተለክቶ መደመሩ ነው፤ በየልኬቱ የሚፈጠረው የ1 ሴንቲ ሜትር ስህተት ሲደመር ይበዛል። መፍትሔው ሜትሮውን ከአንድ ማዕዘን ሳያነሱ ሁሉንም ከዚያው ዜሮ ማንበብ ነው። ክፍል ሲለካ ደግሞ ሁለቱ ሰያፎች ካልተለኩ ማዕዘኑ ቀጥ ማለቱ አይታወቅም።

ብዙ ጊዜ የወሰደው የኖራ ሙከራ ነው፤ ይገባዋልም። የምጽዋ ጥንታዊ ቤቶች ከባሕር በወጣ የኮራል ድንጋይና በኖራ የተሠሩ ናቸው፤ የጎንደር ግንባችንም ድንጋዩ ሌላ ቢሆን ማያያዣው ኖራ ነው። በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የፋሲል ግቢ ጥገና ሲሚንቶና አርማታ ገብቶ ነበር፤ በኋላ በተደረገው ጥገና በኖራ ተተክቷል። ለምን እንደሆነ ለማየት ውኃ ከሚመጥ ቀላል ድንጋይ ሁለት ተመርጠው የታችኛው ግማሻቸው አንዱ በኖራ፣ ሌላው በሲሚንቶ ተለሰነ። ከዚያ በሊትር 40 ግራም ጨው ባለው ውኃ (የቀይ ባሕር ልክ ነው) 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ተነክረው ተቀመጡ። ከሳምንታት በኋላ የኖራው ልስን ፊቱ ላይ ነጭ ጨው አወጣ፤ ድንጋዩ ግን ደህና ነበር። በሲሚንቶው ላይ እርጥበቱ መውጫ ስላጣ ከልስኑ በላይ ወጥቶ ደረቀ፤ እዚያ የተከማቸው ጨው የድንጋዩን ፊት በጣት ሲነካ እንደ ዱቄት እንዲረግፍ አደረገው። ልስን በየጊዜው ይታደሳል፤ የረገፈ ድንጋይ ግን አይመለስም።

የኖራው መጠን በግምት አይያዝም። ደረቅ አሸዋ በ1 ሊትር ዕቃ ሞልቶ ውኃ ቀስ ብሎ ይፈስበታል፤ አሸዋው እስኪሞላ የጠጣው ውኃ የሚያስፈልገውን ኖራ ያሳያል። የእኛ አሸዋ ሲሶ ያህል ስለጠጣ 1 እጅ ኖራ ለ3 እጅ አሸዋ ሆነ። የመጀመሪያው ልስን ግን ተሰነጣጠቀ፦ አሸዋው አፈር ነበረበት፣ አንድ ጊዜ የተደረበውም ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ ወፍሮ ነበር፣ ቀትር ላይም ፀሐይ አገኘው። ሁለተኛው በታጠበ አሸዋ፣ ድንጋዩን አስቀድሞ በማርጠብ በስሱ ተለስኖ ለአንድ ሳምንት እርጥብ ጆንያ ለበሰ፤ አልተሰነጠቀም።

ማንም አባል ቅርስ ላይ ኖራ እንዳላሳረፈ ለወላጆች ማሳወቅ እንወዳለን፤ ሙከራው ሁሉ የተሠራው በትምህርት ቤታችን ግቢ በወዳደቀ ድንጋይ ነው። ንድፎቹ ቀን ተጽፎባቸው ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠዋል። አስተማማኝ መሰላል ስላልተገኘ የጣሪያዎቹ ጠርዝ አልተለካም፤ የመስከረም ሥራ ከዚያው ይጀምራል።