ስለዚያች የፊት ጥርስሽ

ይድረስ ለውድ ጓደኛዬ ለሂሩት፣

እንደምን ከርመሻል? ቤተሰቡስ ደህና ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ተጠፋፍተን ከርመን መልእክትሽን ሳይ ደስታዬን አልችለውም ነበር። «ለእህቴ ሠርግ ጥርሴን ላስነጣ ነው፤ እስከዚያው በሎሚና በቤኪንግ ሶዳ እያሸሁት ነው» ያልሽው ግን አስደነገጠኝ። የጥርስ ክሊኒክ ውስጥ እየሠራሁ እንዴት ዝም ልበልሽ?

በናትሽ፣ ሎሚውን ዛሬውኑ አቁሚ። አሲዱ የጥርሱን የላይኛ ሽፋን፣ ኢናሜሉን፣ ያለሰልሰዋል። ፍትጊያው ደግሞ ጠርጎ ይወስደዋል። ኢናሜል አንዴ ከሄደ ተመልሶ አይበቅልም። ከኢናሜሉ በታች ያለው የጥርሱ ክፍል፣ ዴንቲኑ፣ በተፈጥሮው ቢጫ ስለሆነ፣ ባሸሽው ቁጥር ጥርስሽ ይብሱን ቢጫ ይሆናል። የከሰል ዱቄቱም ያው ነው፤ የሚፍቅ ነገር ነው።

ጥርስ የሚበልዘው በተለያየ ምክንያት ነው። ቡና፣ ሻይ፣ ሲጋራ፣ ክሎርሄክሲዲን ያለበት የአፍ መጉመጥመጫ ከላይ ነው የሚይዙት። ይኼ ክሊኒክ ውስጥ በሚደረግ የጥርስ እጥበት ይለቃል። ላስነጣ ብሎ መጥቶ ታጥቦ ብቻ ደስ ብሎት የሚሄድ ሰው ብዙ ነው። ከውስጥ የመጣው ግን በእጥበት አይነካም። በልጅነት ቴትራሳይክሊን የሚባለውን አንቲባዮቲክ የወሰደ፣ ፍሎራይድ የበዛበት ውኃ እየጠጣ ያደገ፣ ዕድሜ ኢናሜሉን ያሳሳበት፣ የሁሉም መንገድ ለየቅል ነው።

ያንቺ ደግሞ ከነዚህ ሁሉ ይለያል። ልጆች ሳለን ከደረጃው ስትወድቂ የተመታችው ጥርስ ናት ቀስ በቀስ የጠቆረችው። ጥርስ በኃይል ሲመታ ውስጡ ያለው ነርቭና የደም ሥር ሊሞት ይችላል። የፈሰሰው ደም ዴንቲኑ ውስጥ ገብቶ ሲበሰብስ ጥርሱ ግራጫ ይሆናል። እንግዲህ ቆሻሻ አይደለም፤ ከውጭ ብትፈትጊው አይለቅም። ሌሎቹን ብቻ ካስነጣሽ ደግሞ እሷ ይብስ ጎልታ ትታያለች።

ስለዚህ መጀመሪያ ራጅ ተነሺ። አላመመኝም ብለሽ አትተዪው፤ የሞተ ጥርስ ምንም ሳያም ሥሩ ላይ ኢንፌክሽን ሊይዝ ይችላል። ነርቩ ሞቶ ከሆነ የሥር ሕክምና ይደረግልሻል፤ የሞተው ወጥቶ የሥሩ ውስጥ ተጠርጎ ይሞላል ማለት ነው። ከዚያ ሐኪሙ በጥርሷ ጀርባ በኩል ማንጫውን ውስጧ አስገብቶ ለጊዜው ይደፍናታል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ትመለሻለሽ፤ ቀለሟ ካልደረሰ ይደገማል። ጥርስሽን ሳይሞርዱ፣ ሳይሸፍኑ በራሷ መልክ ስለሚመልሳት እኔ በጣም የምወደው ሕክምና ነው።

ሌሎቹንም እንዲነጡ ከፈለግሽ ሁለት መንገድ አለ። ክሊኒክ ውስጥ ሲሠራ ሐኪሙ መጀመሪያ የጥርስ ቀለም ናሙናዎቹን አንድ በአንድ ጥርስሽ ላይ እያስጠጋ ያስተያያል። ሊፕስቲክሽን ጥረጊ ይልሻል፤ ቀዩ ዓይን ያታልላል። ከዚያ ድድሽን በመከላከያ ሸፍኖ ጠንካራውን ማንጫ፣ የሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ጄል፣ ይቀባል። ጄሉ ላይ የሚያበሩት ሰማያዊ መብራት ያን ያህል የሚጨምረው ነገር የለም፣ ለእሱ ብለሽ ተጨማሪ አትክፈዪ። ሁለተኛው፣ በጥርስሽ ልክ የተሠራ ስስ ፕላስቲክ ውስጥ 10% ካርባማይድ ፐርኦክሳይድ የሚባል ለስለስ ያለ ማንጫ ጄል አድርገሽ ማታ ማታ የምታደርጊው ነው፤ ብዙውን ጊዜ 2 ሳምንት ገደማ ይፈጃል። ለአንቺ ይኼኛውን እመርጣለሁ። ቀስ ይላል እንጂ ውጤቱ አያንስም፣ ጥርስም ብዙ አያስቆጣም። ቀዝቃዛ ነገር ትንሽ ጠዝጠዝ ቢያደርግሽ አትደንግጪ፤ ስታቆሚ ይተውሻል። ጠንክሮ ከተሰማሽ አንድ ቀን እያሳለፍሽ አድርጊው።

ሙሌትና ክራውን (ጥርስ ላይ የሚገጠም ሰው ሠራሽ ሽፋን) ግን አይነጡም። ከፊት ያረጀ ሙሌት ካለሽ የሚቀየረው ጥርሱ ከነጣ ከ2 ሳምንት በኋላ ነው። ቀለሙም እስኪረጋ፣ ሙሌቱም በደንብ እስኪይዝ ጊዜ ይፈልጋል። ይኼን ሁሉ ስትደምሪው ለሠርጉ ሳምንት ሲቀረው የሚጀመር ነገር አይደለም።

ሐኪሙ ጋ ስትሄጂ ስለ ውድቀቱ ራስሽ ንገሪው፤ ካልነገርሽው ላይጠይቅሽ ይችላል። ሠርጉ መቼ እንደሆነም ጻፊልኝ። ራጁን እንደተነሳሽ ፎቶውን ላኪልኝ፣ እኛ ጋ ላሉት ሐኪም አሳይቼ የሚሉትን እነግርሻለሁ።

የምትወድሽ፣
አልማዝ